ፓንክ ነው ያልኩት!

የአማርኛ መምህር የመሆን ትልቁ ጣጣ ምን ይመስላችኋል? ተማሪው ነው? አይደለም። ተማሪ ደወል ሲደወል ይሄዳል። ጣጣው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደወል የለውም። አማርኛ ያስተምራል ከተባለ የአገሩ ቃል ሁሉ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። «ቲቸር፣ አንዲት ቃል ብቻ!» እያለ ይመጣል። አንዲት ቃል ብቻ ብሎ መጥቶ በአንዲት ቃል የተመለሰ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ሐረር የሸበትኩ ሰው ነኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብለው መደቡኝ፤ ጥቂቱ ጊዜ ይኸው አላልቅ አለ። ሸዋ በር አካባቢ ነው የምኖረው። ከተማው ያውቀኛል፤ ችግሩም እሱ ነው። አንድ ሰውዬ ፈረስ መጋላ ላይ ጭማቂ ቤት ሊከፍት ሲል አጭርና የማይረሳ ስም አውጣልኝ አለኝ። ሳስብ ሰንብቼ «እፎይታ ጭማቂ ቤት» አልኩት። ደስ አለው። ሰሌዳውን የጻፈው ሰዓሊ ግን ፊደሉን አግንኖ ጀምሮ ኖሮ «እፎይ» ላይ ሲደርስ ቦታ አለቀበት። ምን ያድርግ? «ታ»ን ወደ ታች አውርዶ የማንጎው ሥዕል አጠገብ ለጠፋት። ይኸው ዛሬ ሰዉ ሁሉ «ታማንጎ እንገናኝ» ነው የሚባባለው። ባለቤቱ ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ያውለበልባል፤ ስሙ ገበያ አመጣለት። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ኢክራም በሬን ስታንኳኳ ለምን ከፈትኩ? ምን በወጣኝ!

ኢክራም ተማሪዬ ነበረች። ድርሰት ጻፊ ሲሏት «ርዕሱን አልወደድኩትም» ብላ ባዶ ወረቀት የምታስረክብ ዓይነት። ባዶውን ወረቀት ግን ስሟን ጽፋ፣ ኅዳጉን አስምራ፣ በሥርዓቱ ነው የምታስረክበው። አባቷ አው ዩሱፍ (አው በሐረሪ የአክብሮት መጠሪያ ነው) መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው። መኪና ግርግርን ለማታውቁት፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ግንብ መሃል የምትወርድ ጠባብ መንገድ ናት። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው፣ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ለመንገዷ ስም ያወጣላት የመኪኖቹ ጩኸት ነው። እዚያ ሁለት ሰዎች ሲጯጯሁ ካያችሁ እየተጣሉ አይደለም፤ ሰላም እየተባባሉ ነው።

ኢክራም ጉዷን ዘረገፈችልኝ። ከአባቷ ሱቅ ኋላ አንዲት ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ እሷና ጓደኛዋ ቤዛ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሙዚቃ ይሠራሉ። የቤዛ አባት ወታደር ነው፤ ከጎንደር ተመድቦ ስለመጣ ነው እሷ ሐረር ያደገችው። አው ዩሱፍ እስካሁን ዝም ብለዋቸው ነበር። ባለፈው የአፎቻ ቀን ግን ተቆጥተው መጡ። አፎቻ ማለት ሐረር ውስጥ ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰበሰበው ማኅበር ነው፤ እኛ እድር እንደምንለው። ልዩነቱ፣ እድር ስትሞቱ ነው የሚያስታውሳችሁ፤ አፎቻ በሕይወት እያላችሁም አይለቃችሁም። የማን ልጅ ምን ታደርጋለች የሚለው ሁሉ እዚያ ይነሣል። እናም አው ዩሱፍ ከዚያ መጥተው የክፍሏን በር ወለል አድርገው ከፈቱና «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

ኢክራም ቶሎ ላፕቶፑን ከደነች። ቤዛ ደግሞ «ምንም አይደለም» አለች። ብሶ አረፈው! አው ዩሱፍ፣ ሰው በልጅህ ጉዳይ ሲናገርህ የምትመልሰው ማጣት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ነገሯቸው። እስከሚቀጥለው አፎቻ ድረስ ይሄን ነገር መልክ ካላስያዛችሁልኝ ክፍሏን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራያታለሁ አሉ። «አንቺም ላፕቶፕሽን ትሸጪና መጥተሽ ቁልፍ ትተክያለሽ» ብለው በሩን ዘጉ።

ኢክራም ይሄን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያቺን ክፍል ካጣሁ ሌላ የትም የለኝም አለችኝ። ቤት ውስጥ ታናናሾቿ አሉ፤ ደጅ ወጥታ ሴት ልጅ እንደዚያ ስትጮህ ደግሞ ሰው ውሃ ይዞ ይሰበሰባል፣ ጠበል የሚያመጣም አይጠፋም። «ቲቸር፣ ከእርስዎ በቀር የሚችል የለም። ምን እንደሆነ በአማርኛ ይጻፉልኝ። አንዲት ቃል ብቻ!» አለች።

አንዲት ቃል ብቻ። ወይ አበሳዬ!

በማግስቱ ከሰዓት ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ላፕቶፑ ግማሽ ፊደሉ የረገፈ ነው። ስፒከሩ በስንት ሠርግ ያለፈ፣ አንድ ጎኑ የተቀደደ ነው። ቤዛ አንድ ነገር ተጫነች። መጀመሪያ «ትርርርርር» አለ። የስፌት መኪና ነው። ከደጅ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከላፕቶፑ ነው፤ ቀድተውታል። በላዩ የባጃጅ ጥሩምባ መጣ። በዚያ ላይ ደግሞ «ዱም! ዱም!» የሚል ነገር ደረቴን ደበደበኝ። ይሄ ሁሉ ሳያንስ ኢክራም፣ ያቺ ኅዳግ አስምራ የምትጽፍ ልጅ፣ ማይክ ጨብጣ «ውሃ መጣ! ውሃ ሄደ! ጄሪካኔስ የት ሄደ!» እያለች ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸች።

ሙዚቃ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ክራር እወዳለሁ፤ መሰንቆ ሲመታ እንባ ይመጣብኛል። ይሄኛውም እንባ አምጥቶብኝ ነበር፤ ግን ሌላ እንባ ነው። ናላዬ ዞረ። ጆሮዬን ልይዝ እጄን ካነሳሁ በኋላ እንዳይከፋቸው ብዬ ራሴን እንደማከክ አደረግኩ። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። «አልሃምዱሊላህ!» አልኩ፣ እኔ የማርያም ልጅ። ሐረር ሲኖሩ አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው እሱ ነው።

እሺ፣ ምን ይባላል አልኩ። ኢክራም «ኤሌክትሮኒክ ፓንክ ነው» አለች። ቤዛ «አንደርግራውንድ» ብላ ጨመረች። ኤሌክትሮኒኩ ገባኝ፤ መብራት ሲጠፋ ስለጠፋ። ፓንክ ማለትስ? ፓንክ ማለት እምቢ ማለት ነው አሉኝ በአንድ አፍ። ማንን ነው እምቢ የምትሉት? ሁሉንም! ጥሩ። ታዲያ ሁሉንም እምቢ ካልሽ አባትሽን ስለ ክፍሏ ለምን ትለማመጫለሽ አልኳት ኢክራምን።

«እንዴ ቲቸር!» አለችኝ ደንግጣ። «እሱማ አባቴ ነው!»

እንግዲህ ይሄን ተርጉም! «ፓንክ፦ ከአባት በስተቀር ሁሉንም እምቢ ማለት» ብዬ ልጻፍ?

ቆይ፣ ገና ነው። መብራቱ ሲጠፋ ሙዚቃው ስለተቋረጠ፣ ይሄ መቋረጥ የሙዚቃው አካል ነው ወይስ አደጋ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የመምህር ጥያቄ ነው፤ ትርጉም የሚጽፍ ሰው ድንበር ማወቅ አለበት። ለምን ጠየቅኩ! ቤዛ አካሉ ነው አለች፤ ሐረር ውስጥ የተሠራ ፓንክ መሃሉ ላይ ካልተቋረጠ የውሸት ነው። ኢክራም አደጋ ነው አለች፤ እኔ ያቺን ዘፈን አንድ ቀን እንኳ ጨርሼ አላውቅም፣ መጨረሻዋ ላይ ስንት የደከምኩበት ነገር አለ አለች። ጠብ ተነሣ። እኔ መሃል ተቀምጬ «እሺ፣ እሺ፣ በፈጣሪ» እላለሁ። ቤዛ በመጨረሻ ነገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገደል ከተተችው። ፓንክ ከተተረጎመ ፓንክ አይደለም አለች። ስም ካወጣንለት ሞቷል አለች። ኢክራም ደግሞ፣ ዛሬ እኛ ጽፈን ካላስቀመጥነው ነገ አዲስ አበባ ያሉት «የጀመርነው እኛ ነን» ይላሉ፤ ያኔ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ አለቻት።  ቤዛ «ያው ይጻፍ፣ ግን እንዳይገባቸው ተደርጎ ይጻፍ» አለች።

እንዳይገባ አድርጎ መጻፍማ ለእኛ ሙያ ነው። ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከአንደርግራውንድ ጀመርኩ። «የምድር ቤት ሙዚቃ» ብል፣ ክፍሏ ምድር ቤት አይደለችም፤ ሦስት ደረጃ ወጥተህ ነው የምትገባው። «የከርሰ ምድር ሙዚቃ» አልኩ። ሐረር ውስጥ ከርሰ ምድር ካልክ ደግሞ ሕዝቡ ጉድጓድ ተቆፈረ ብሎ ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል። «ኅቡዕ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ያምራል፤ ግን ወዲያው ራሴው ደነገጥኩ። ኅቡዕ የሚለውን ቃል ዜና ላይ አይደል የምንሰማው? ከኋላው ምን ይመጣል? «በቁጥጥር ሥር ዋሉ!» ቶሎ ብዬ ሰረዝኩት፤ መሰረዝ ብቻ አይደለም ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት።

ፓንክን «አሻፈረኝ» አልኩት። «ኤሌክትሮኒክ አሻፈረኝ»። እኔ ብቻዬን ሆኜ ስለው ደስ ብሎኝ ነበር። ወስጄ ሳሳያቸው ቤዛ ሆዷን ይዛ ፍራሹ ላይ ተንከባለለች። ኢክራም ጨዋ ስለሆነች አልሳቀችም፤ ትንሽ የድሮ ቲያትር ርዕስ ይመስላል ብላ ብቻ አለፈችው። አንጀቴ አረረ። የምትስቁ ከሆነ ራሳችሁ ተርጉሙት አልኩ። ራሳችን መተርጎም ብንችል እርስዎን እናስቸግር ነበር? አሉኝ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ለአው ዩሱፍ ዕድሜ ሰው ከቃል ይልቅ ማህተም ይገባዋል። አንድ ቢሮ ይሄ ነገር እንዲህ የሚባል ሙዚቃ ነው ብሎ ቢመዘግበው ነገሩ ያልቃል አልኩ። የትኛው ቢሮ እንደሄድኩ ልተወው፤ ሁላችሁም ሄዳችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ባለሙያው በትሕትና ተቀበለኝ። ባህላዊ ነው፣ ዘመናዊ ነው ወይስ መንፈሳዊ? አለኝ። ሦስቱም አይደለም አልኩት። ከሦስቱ ውጭ ሙዚቃ የለም አለኝ። የስፌት መኪና ድምፅ አለበት ስለው፣ እንግዲያው ባህላዊ ነው፤ የየትኛው ብሔረሰብ ነው? አለኝ። አንዷ ሐረሪ ናት፣ አንዷ ከጎንደር ናት፣ ባጃጁ የማን እንደሆነ አላውቅም አልኩት። አልሳቀም። አልባሳቱስ? አለኝ። ጂንስ። ጭፈራው ትከሻ ነው ወይስ እግር? ጭንቅላት ነው አልኩት፤ ቤዛ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ አይቻለሁና። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ፣ መምህር፣ ያመመዎት ነገር አለ? ብሎ በሐዘን አየኝ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይምጡ አለኝ። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ኮሚቴው ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የአፎቻው ቀን ደረሰ። ኢክራም ፊቷ ገርጥቷል። የሽንኩርት ነጋዴው ክፍሏን መጥቶ አይቷል፤ መስኮቷ ጥሩ አየር ታስገባለች ብሎ ወዷታል። በቃ፣ እኔው ራሴ ሄጄ ለአው ዩሱፍ በአፌ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጽሑፍ እምቢ ካለ አንደበት አለ አይደል?

የሄድኩበት ሰዓት ግን መጥፎ ነበር። በዓል ቀርቧል፤ መኪና ግርግር ላይ ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አው ዩሱፍ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጀለቢያ ይሰፋሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስለ ልጆቹ ጉዳይ ነው የመጣሁት አልኩ። «ተናገር መምህር!» አሉኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በዚያ ጩኸት የት ይሰማል? ሁሉንም ትቼ ስሙን ብቻ ጮህኩት።

«ኤሌክትሮኒክ ፓንክ ይባላል!»

«ምን?»

«ኤሌክትሮኒክ ፓንክ!»

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ። ቀና አሉ። «ኤሌክትሮኒክ ባንክ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። «ፓ» የምትባል ፊደል ለሐረር ሽማግሌ አፍ አትመችም። ቁርኣን ሲቀራበት ያደገ ምላስ ፓስታን «ባስታ»፣ ፖሊስን «ቦሊስ» ነው የሚለው። እኔ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ። ባንክ ሲሉኝ በራሳቸው አነጋገር ፓንክ ማለታቸው ነው ብዬ «አዎ! እሱ ነው!» አልኩ፣ ራሴን በኃይል እየነቀነቅኩ። «ሀራም የለበትም?» አሉኝ። ስድብ አለበት ወይ ማለታቸው መሰለኝ። «ኧረ ምንም! ንፁህ ነው!» አልኩ።

ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ! ተነሥተው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉኝም ነበር!» አሉ። ለስላሳ አስመጡልኝ። ጀለቢያ እንደሚሰፉልኝም ቃል ገቡ። ጀለቢያ ምን አደርግበታለሁ? ብቻ ደስ ብሎኝ፣ ሙያዬን አወድሼ፣ በሸዋ በር በኩል እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

አው ዩሱፍ አፎቻ ሄዱ። ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሏቸው ደረታቸውን ነፍተው «ኤሌክትሮኒክ ባንክ!» አሉ። ጉባኤው ማሻአላህ አለ። አንዱ ተነሥቶ ከወለድ ነፃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ራሱ ንፁህ ነው ብሎኛል አሉ። ስሜ ሳይቀር ተጠራ!

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ክፍሏ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዷ የሞባይል ባንኬ የሚስጥር ቁጥር ጠፋብኝ ብላ መጣች፤ አንዱ ጅጅጋ ላለ ልጄ ብር ላኩልኝ አለ። ኢክራም መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ሰዉ ደግሞ ከውስጥ «ትርርርር» ሲሰማ፣ ይኸው ብር የሚቆጥረው ማሽን ተባባለ። ኢክራም ልምምድ ላይ ሆና «ሄደ! ሄደ!» እያለች ስትጮህ፣ በሩ ላይ ያሉት እናቶች «ሲስተም ሄደ ማለቷ ነው፣ እንጠብቅ» ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ባንክ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለመዶታል። ማንም ቅር አላለውም።

ቤዛ በደስታ ልታብድ ደረሰች። አሁን ገና አንደርግራውንድ ሆንን አለች። ከተማው በሙሉ በራችን ላይ ቆሞ ምን እንደምንሠራ አያውቅም፣ ከዚህ በላይ አንደርግራውንድ የት አለ? አለች። እውነቷን ነው ብዬ ልጽፈው እስክሪብቶ ፈለግኩ፤ ከዚያ ተናደድኩና ተውኩት።

ኢክራም ግን ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ አባቴን ዋሹልኝ አልኩዎት?» አለችኝ። እኔ አልዋሸሁም፣ ፓንክ ነው ያልኩት፣ እሳቸው ናቸው ባንክ ያሉት ብዬ ማልኩ። አልሰማችኝም። አባቴ በመላው ጀጎል ባንክ እያለ እየተናገረ ነው፤ ነገ ውሸት መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የት ይገባል? ክፍሏ ትቅር፣ ሽንኩርት ይግባባት፤ አባቴ ግን በእኔ ምክንያት ሁለተኛ አያፍርም አለች። አሁን ሄጄ እነግረዋለሁ፣ እርስዎም አብረውኝ ይሄዳሉ አለችኝ። ሁሉንም እምቢ የምትለዋ ልጅ ናት ይሄን የምትለው። ጫማዬን አደረግኩ።

አው ዩሱፍ ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ የምሳ ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ኢክራም ፊታቸው ቆመች። «አባ፣ ባንክ አይደለም። ፓንክ ነው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ? ባንክ።»

«ፓ! ፓንክ!»

«እኮ! ባንክ!»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። ሙያዬ አይደል? «አው ዩሱፍ፣ ፓ ነው፤ እንደ ፓስታ» አልኳቸው። «ባስታ፣ አውቃለሁ» አሉኝ። ተውኩት።

ኢክራም በመጨረሻ ፊደሉን ትታ እውነቱን ተናገረችው። ገንዘብ የለበትም፣ ሙዚቃ ነው፣ የሚጮኸው እኔ ነኝ፣ ሰዉ በስሕተት ነው የሚመጣው፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለች።  አው ዩሱፍ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አሁን ጀለቢያውም ቀረ፣ ክፍሏም ሄደች ብዬ ደመደምኩ።

«ሙዚቃ መሆኑንማ መች አጣሁት?» አሉ አው ዩሱፍ። «ግድግዳው ጭቃ ነው። ጆሮ የለኝም እንዴ?»

 እኔ አልቻልኩም። ታዲያ ሙዚቃ መሆኑን ካወቁ «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ለምን ጠየቁ? አልኳቸው።

«ማን ጠየቀ? ተቆጣሁ እንጂ!»

እግዜር ያሳያችሁ! ዕድሜ ልኬን ጥያቄ ምንድን ነው፣ የጥያቄ ምልክት የት ይገባል እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ የአባት ቁጣ ከጥያቄ መለየት አቃተኝ! «ምንድን ነው ይሄ!» መልስ የሚፈልግ ነገር አልነበረም። እኔ ግን መልስ ፍለጋ ከርሰ ምድር ስቆፍር ሰነበትኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢክራምና ቤዛ የቀዱት የስፌት መኪና የአው ዩሱፍ አይደለም። ከፊት ለፊት የሚሰፋው የአደም ነው። አደም ይሄን አውቋል። አፎቻው ላይ ተነሥቶ፣ መኪናዬ በእርጅናዋ ዘፋኝ ሆነችላችሁ፣ ያውም በአው ዩሱፍ ልጅ ዘፈን ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቋል። አው ዩሱፍ የተቃጠሉት በዚያ ነው። «ባንክ ሲሉኝ ለምን ደስ ያለኝ ይመስልሃል መምህር? አደም ባንክ ውስጥ ምን መኪና አለው ብዬ እኮ ነው!» አሉኝ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አባትሽ እዚህ ተቀምጦ ተሻግረሽ የአደምን ትቀጃለሽ? የእኔ መኪና ምን አጠፋች? ያሳደገችሽ እሷ አይደለችም?» አሉ። ይሄን ሲሉ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አባ፣ ያንተ እኮ ድምፅ የላትም» አለች ኢክራም፣ እያለቀሰች። «ዘይት ስለምታጠጣት ጸጥ ትላለች። የአደም ነው እንደዚያ የሚንኳኳው።»

አው ዩሱፍ ይሄን ሲሰሙ የሆኑትን መሆን ልገልጽላችሁ አልችልም። ኩራቱም ንዴቱም በአንድ ላይ መጣባቸው። «ጩኸት ነው የፈለጋችሁት? ለምን አትሉም! ሸራ አምጡ!» አሉ።

በማግስቱ ጀምረው ቀዱ። እኔም ቲቸር ካልመጣ አሉና ተጠራሁ። አው ዩሱፍ ኮፊያቸውን ቀይረው፣ የጭነት መኪና ሸራ ሁለት እጥፍ አድርገው ከመርፌው ሥር ዘረጉ። ፔዳሉን ሲረግጡት ያቺ ጨዋ መኪና እንዴት እንደጮኸች! አደም ከፊት ለፊት ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያል። አው ዩሱፍ አይተውታል፤ እንዳላዩ ሆነው በኃይል ረገጡ። አንዴ አልበቃቸውም፤ ይቺ ጥሩ አልወጣችም፣ እንደገና ይላሉ። ቤዛ በቃ ጥሩ ነው ብትል፣ አንቺ ልጅ ወገብሽን ቀጥ አድርገሽ ተቀመጪ አሏት። ስም ካወጣንለት ይሞታል የምትለዋ፣ ዓለምን በሙሉ እምቢ ያለችዋ ቤዛ «እሺ አባ» ብላ ቀጥ አለች። እኔ ጥግ ይዤ በሁለት ጣት ጆሮዬን ደፍኛለሁ፤ አሁን የሚከፋው ሰው የለም።

የሽንኩርት ነጋዴው ሌላ ቤት አገኘ። ባንክ ፈልገው የሚመጡት እናቶች ግን አልቀሩም፤ ኢክራም የሚስጥር ቁጥራቸውን ታስተካክልላቸዋለች፣ ሲስተም ሲሄድም እየጮኸች ትነግራቸዋለች።

ቀጣዩ አፎቻ ደረሰ። ያን ቀን እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምን ሊሉ ይሆን እያልኩ። ባንኩስ እንዴት ሆነ፣ ልጅህ ምን ላይ ደረሰች ብለው ጠየቋቸው አሉ። አው ዩሱፍ አደም ወደተቀመጠበት በኩል ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው» አሉ። በቃ። ማሻአላህ ተባለ፤ ወደ ሠርግ ወሬ ታለፈ። ምን ዓይነት ሥራ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም!

ኢክራም መጥታ ይሄን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ብድግ ብዬ ቤቱን ዞርኩት። ኤሌክትሮኒክ የለ፣ ፓንክ የለ፣ አንደርግራውንድ የለ! አሻፈረኝ ስል፣ ኅቡዕ ብዬ ስቀድ፣ ሰው አሞሃል ወይ እስኪለኝ ቢሮ ስንከራተት! ቁጭ አልኩና ዐረፍተ ነገሩን መረመርኩት። ባለቤቱ አለ፤ ማሰሪያ አንቀጹ አለ፤ ስሕተት የለበትም። ያናደደኝም እሱ ነው።